በብስክሌት የመጡ ሽማግሌዎች

መኪና በማይደርስበት የገጠር መንገድ ብስክሌት መንዳት አእምሮን ያሳርፋል ይባላል። አያሳርፍም። ጸጥታ ፍለጋ ከልደታ በወጣሁ ቁጥር ጸጥታውን ያገኘሁት ስመለስ ነው፤ በፍርድ ቤቱና በተክለ ሃይማኖት መካከል፣ ሚኒባሶች ክላክሳቸውን እያምባረቁብኝ። እዚያ ስለ እኔ አንዳች ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው የለም። አንድ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ፋዘር፣ ሰርከሱ መቼ ነው?" ብሎኝ ያልፋል። ትውውቃችን እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። መኪና በሌለበት መንገድ ግን ማንም ዝም ብሎ አያልፍህም። መኪና ከሌለ እግረኛ አለ፤ እግረኛ ካለ ሰላምታ አለ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ደግሞ ጥያቄ አለ።

አንድ ቀን ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ስወጣ አህያ የምትነዳ አሮጊት እንዲህ አስቆመችን።

"ከየት ናችሁ?"

"ከአዲስ አበባ ነን፣ እናቴ።"

"ወዴት ናችሁ?"

"እስከ ወንዙ ደርሰን እንመለሳለን።"

"ወንዙ ጋ ምን አላችሁ?"

"ምንም የለንም።"

"ታዲያ ለምን ትሄዳላችሁ?"

"እንዲሁ ለመሄድ ነው።"

ሴትየዋ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። "ሐኪም አይቷችኋል?" አለች።

"ያዘዘው እሱ ነው" አለ ከመካከላችን አንዱ።

"በሉ፣ እግዜር ይማራችሁ" ብላ አህያዋን ቸብ አደረገች።

በመጻሕፍት ያነበብኩት ሌላ ነበር። በመጻሕፍቱ ውስጥ ለብስክሌት ብቻ የተሠራ መንገድ አለ፤ ካርታ አለው፣ ምልክት አለው፣ በየመንደሩ መግቢያ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ነጂውም ከራሱ ሐሳብ ጋር ብቻውን ይውላል። እኛም አገር መኪና የሌለበት መንገድ ሞልቷል። ልዩነቱ መኪናውን ያስቆመው ሕግ ሳይሆን ጎርፍ መሆኑ ነው። ከሐሳብህ ጋር ብቻህን መዋል ደግሞ እንደ ሕመም ስለሚቆጠር ማንም አይፈቅድልህም።

ይህን የምጽፈው ግን በብስክሌት ላይ አቤቱታ ለማቅረብ አይደለም። ስሟን እንኳ አላውቅ የነበረች አንዲት ልጅ የወደደችውን ማግባት አለማግባቷ ዛሬ በእኛ በሦስት ደካማ ነጂዎች እጅ ወድቋል። እንዴት እንደወደቀ ልንገርህ።

ሦስታችንም ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ውስጥ እንኖራለን። አንደኛው ጠበቃ ነው። ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ቢጣራ ፍርድ ቤቱ ይሰማዋል፤ እሱ ግን በመኪና ነው የሚሄደው። "ባለጉዳይ ጠበቃውን አልቦት ማየት የለበትም" ይላል። ስኳሩ ከፍ ሲል ሐኪሙ እንቅስቃሴ አዘዘለት። ትእዛዙን የምታስፈጽመው ሚስቱ ናት፤ ይግባኝ የለውም።

ሁለተኛው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ የወሎ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይክል ሲመኝ ኖሮ፣ ልጆቹን ሁሉ ካስተማረ በኋላ ለራሱ ገዛ። ከሦስታችን ደስ ብሎት የሚነዳው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ነው የማይታመነው።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። እኔ ስፖርት እቃወማለሁ። ብስክሌት የገዛሁት ስለ ብስክሌት ብዙ ስላነበብኩ ነው። ብዙ ያነበበ ሰው ካነበበው ውስጥ አንዱን እንኳ ካልሞከረ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ብስክሌቱ እኔን ከተሸከመኝ ይልቅ እኔ እሱን የተሸከምኩት ይበልጣል።

የምንሄድበት መንገድ ከከተማው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። አዲሱ አስፋልት ተቃንቶ ሲሠራ አሮጌው የጠጠር መንገድ ኮረብታውን እንደ ዞረ ቀረ። ቆየት ብሎ ድልድዩን ወንዙ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛ፣ ቀብርተኛ፣ ሰርገኛ፣ አህያ፣ በግና እኛ ነን የምናልፍበት። እዚያ ለመድረስ ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ አስጭነን፣ በክላክስና በጭስ መሐል ከከተማ እንወጣለን። መኪና ወደሌለበት መንገድ ለመድረስ መጀመሪያ መኪና ያስፈልጋል። ይህን የጻፈ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ያን እሁድ ነጋዴው ከሱቁ ሦስት ነጠላ ይዞ መጣ። "ላብ ይጠጣል፣ አቧራ ይከለክላል፣ ፀሐይ ያበርዳል" አለ። ሻጭ ስለሆነ ሦስት ምክንያት ሳይሰጥ ዕቃ አያወጣም። ሦስታችንም ነጠላችንን ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን ነዳን። ጠበቃው ውሻ ስለሚፈራ ከዘራውን ከብስክሌቱ ጋር አስሮ ነው የሚሄደው።

ወንዙን ብስክሌቶቻችንን ተሸክመን ተሻግረን፣ ዳገቱን ግማሽ ያህል እንደወጣን የጠበቃውን የኋላ ጎማ እሾህ በሳው። መለጠፊያም ሙጫም ይዘናል፤ የቀዳዳውን ቦታ ለማወቅ ግን የውስጡን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን ማየት ያስፈልጋል። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በቅንጭብ የታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ይታያል። ብስክሌቶቹን ከአጥሩ ውጪ አስደግፈን፣ ሳፋ ውሃ ለመለመን ገባን። ጠበቃው ከዘራውን ፈትቶ ያዘ፤ ውሻው እየጮኸ ነበርና።

በረንዳው ላይ አንድ ጋቢ የለበሱ አባወራ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሲያዩን ብድግ አሉ። ውሻውን ገሠጹ። ወደ ቤት ውስጥ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወዲያው ወንበርና አግዳሚ ወጥቶ፣ አቧራው ተራግፎ፣ ተደረደረልን። ለሳፋ ውሃ እንዲህ ያለ አቀባበል በልደታ አላየሁም።

"ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ" አሉ።

"ቆመን ይሻለናል" አልኩ እኔ።

"ተቀመጡ እንጂ፣ ቤታችሁ ነው።"

"እናመሰግናለን፤ ግን አንቀመጥም" አለ ጠበቃው፣ በከዘራው ላይ ተደግፎ።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ለመጠየቅ የሚመጡ ሽማግሌዎች ተቀመጡ ሲባሉ እሺ ብለው እንደማይቀመጡ ሁሉም ሰው ያውቃል። ነገራቸው እስኪሰማ ይቆማሉ። እኔ አውቃለሁ፤ ነጋዴው ያውቃል፤ ጠበቃው ለሁለት ወንድሞቹ ሽማግሌ ሆኖ ሄዷል። እሁድ ጠዋት ነው። ነጠላ የለበሱ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ አንዱ ከዘራ የያዘ ሦስት ሰዎች በር ላይ ቆመው አንቀመጥም ይላሉ። ይህን ከውጭ ሆኜ ባየው ኖሮ ድግሱ መቼ ነው ብዬ እጠይቅ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ሦስታችንም የምናስበው ስለ ብስክሌት ኮርቻ ብቻ ነበር። ጠጠር መንገድ ላይ ኮርቻ የሚያደርገውን የሚያውቅን ሰው እንጨት አግዳሚ አያሳዩትም።

አባወራው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ገብቶኛል" አሉ። "የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሰዎች ናችሁ።"

"ጌታዬ፣ አንድ ስህተት—" አለ ጠበቃው።

"ስህተቱ የእኔ ነው፤ ቆዩ ልጨርስ። ይህ ልጅ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፣ ዘመድ የለውም ሲባል ሰምቼ ነበር። ልጄ እሱን ካላገባሁ ብላ ስትጨቀጭቀኝ 'ሽማግሌ ይላክና እንነጋገራለን' አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማንን ይልካል ብዬ ነው። እንዳይልክ ብዬ ነው። በዚህ መሐል ባለ አይሱዙው ሰውዬ ለልጁ ሽማግሌ ላከብኝ። እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ መልስ እሰጣለሁ አልኩ። ለሱ እሺ ልል ነበር። ይኸው እናንተ መጣችሁ።"

ነጋዴው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "ወንድም ዓለም፣ ሳፋውን አሁን ልጠይቅ?" አለ በሹክሹክታ።

"እርስዎ እስላም ኖት?" አሉት አባወራው፣ አነጋገሩ ጆሯቸው ገብቶ።

"አልሐምዱሊላህ።"

"ክርስቲያንም እስላምም አሰባስቦ የላከ ልጅ ሰው የለውም አይባልም" አሉ፣ ከእኛ ይልቅ ለራሳቸው። ከዚያ ባህሉ በሚፈቅደው መሠረት ወዲያው መልስ እንደማይሰጡ፣ ከዘመድ ጋር እንደሚመክሩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድንመለስ ነገሩን። "አሁን ግን ተቀመጡ" አሉ።

ተቀመጥን። እንዴት እንደተቀመጥን አልገልጽም።

እዚያው እውነቱን ለምን አልተናገርክም የሚል አንባቢ ይኖራል። ሞክር። አንድ ሰው ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ሚስቱ ከበሩ ጀርባ እየሰማች፣ በገዛ ልጁ ላይ የሠራውን ተንኮል በራሱ አንደበት ለማያውቃቸው ሰዎች ተናዟል። ከዚያ በኋላ "እኛ እንኳ የመጣነው ጎማ ፈንድቶብን ነው" በለው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎችን በመቃወም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን መቃወም አልቻልኩም።

ቆጮና አይብ ቀረበ። ልጅቱ እጅ ልታስታጥበን ወጣች። ቀይ ዳማ፣ ከንፈሯን ጥርቅም ያደረገች፣ በመንደሩ ትምህርት ቤት የምታስተምር ልጅ ናት። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጠበቃው ፊት ጎንበስ ስትል ዓይኗ እግሩ ላይ ቀረ። የሱሪው ጫፍ ካልሲው ውስጥ ተከቷል፤ ካልሲው ላይ ደግሞ የብስክሌት ካቴና ግራሶ አለ። ምንም ሳትናገር የሁላችንንም እግር ተራ በተራ አየች። ውሃው ከእጃችን ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

በልተን፣ መርቀን ስንወጣ "ልሸኛቸው" ብላ ተከተለችን። ከአጥሩ ውጪ ብስክሌቶቹን አየች።

"ሽማግሌዎቹ" አለች፣ "ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት የአገራችሁ ባህል ነው?"

"ልጄ፣ ልናስረዳሽ እንችላለን" አለ ጠበቃው።

"እሱ ነው የላካችሁ?"

"ማንም አልላከንም" አልኳት። "ሳፋ ልንለምን ነው የመጣነው። ጎማችን ተበስቶ።"

ቅንጭቡን እስክትይዝ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ከልደታ።"

"ይህን ሁሉ መንገድ ምን ፍለጋ?"

"መኪና የሌለበት መንገድ" አልኩ፤ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት መልስ የለም።

"ስሙኝ" አለች። በክፍል ውስጥ እንዴት እንደምትናገር ያን ጊዜ ገባኝ። "ሳትመጡ በፊት ተስፋዬ ትንሽ ነበር። አሁን ወይ ትልቅ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። በቀጠሮው ካልመጣችሁ አባቴ 'ሰው ልኮ አላገጠብኝ' ይላል እንጂ 'ሽማግሌ አጣ' አይልም። አይሱዙውን በማግስቱ ነው እሺ የሚለው። እንግዲህ በእግራችሁ ገብታችሁበታል።"

"በሕግ ዓይን ስናየው" አለ ጠበቃው፣ "እኛ ከልጁ የተሰጠን ምንም ውክልና የለም።"

"ታዲያ ሄደን እንቀበላ" አለ ነጋዴው። "ወፍጮ ቤቱ የት ነው?"

"ከኮረብታው ማዶ። መኪና አይገባም።"

"ደስ ይበልህ" አለኝ ነጋዴው።

ሳፋውን በመጨረሻ ያመጣችልን እሷ ናት።

የወፍጮ ቤቱን ልጅ ያገኘነው ሞተሩን አጥፍቶ የወፍጮውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን ሲያጠብቅ ነው። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ጠጉር ሳይቀር ዱቄት ነው፤ ከእኛ ይልቅ ሽማግሌ የሚመስለው እሱ ነበር። ነጋዴው የሆነውን ሁሉ ነገረው። ሲጨርስ ልጁ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁም ዱቄት ስለነበር የተለወጠ ነገር የለም።

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ አንተን ሳናውቅ አንተን ወክለን መናገር ስለማንችል ጥቂት ጥያቄዎች አሉን። ትጠጣለህ?"

"ጠላ። በዓል ሲሆን።"

"ሌላ ሚስት፣ ልጅ?"

"የለኝም።"

"ተከሰህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ለምን?" አለ ጠበቃው፤ ከልማድ የመጣ ነው።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሰው አልዋስም። ሰው የለኝም። እሷንም የለኝም ብዬ ነው የነገርኳት።"

"እኔ ሚስቴን ሳገባ" አለ ነጋዴው፣ "ከሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ ስሜን አያውቅም ነበር። አባቴ ከመስጊድ ሲወጣ በር ላይ ይዞት ነው። 'ይህ ልጅ፣ ይህ ልጅ' እያለ ነገሩን ጨረሰው። ይኸው ትዳሬ አልፈረሰ።"

"እሱ ግን አባትዎን ያውቅ ነበር" አለ ልጁ።

ነጋዴው ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ስለ ብቸኝነት ያነበብኩት መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ አንዱም ለዚህ የሚሆን አረፍተ ነገር የለውም።

ያዳነን ጠበቃው ነው። "እስካሁን እኛ ነን የጠየቅነው" አለ። "አሁን አንተ ጠይቀን። ካልወደድከን አትላከን።"

ልጁ አሰበ። "ለምንድን ነው በሳይክል የምትዞሩት?"

"ስኳር አለብኝ" አለ ጠበቃው።

"ስመኘው ነው የኖርኩት" አለ ነጋዴው።

"አላውቅም" አልኩ እኔ።

ልጁ በእኔ መልስ ትንሽ የረካ መሰለኝ። "ትመለሳላችሁ?" አለ። "እሺ ብላችሁ ከቀራችሁ እኔ እዚህ አገር መኖር አልችልም። እሷም አትችልም።"

ጠበቃው "ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ካላጋጠመ በስተቀር" ሊል አፉን ሲከፍት ነጋዴው በክርኑ ጎሸመው።

"እንመለሳለን" አልን።

ያን ጊዜ ልጁ ስሙን ነገረን። እዚህ አልጽፈውም፤ ሦስታችን ግን ጮክ ብለን ደገምነው።

የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በልደታ ረጅም ነበሩ። ሚስቴ ነገሩን ስትሰማ የምትከትፈውን ሽንኩርት አቆመች። "አንተ ሽማግሌ?" አለች። "በብሎኩ ስብሰባ ላይ ቆሻሻ ይነሣ ሲባል እንኳ በተቃውሞ እጅህን የምታወጣ? አንተን የላከ ልጅ ቆሞ ቀረ በለው።" ጠበቃው ምሽት ምሽት ደረጃው ላይ እያስቆመ የመክፈቻ ንግግሩን ያሰማኝ ጀመር። በየቀኑ ይረዝማል። "አመልካች" የሚለውን ቃል እንዲያወጣ ለመንኩት።

በቀጠሮው ቀን ወንዙ ላይ ደረስን። የተሰበረው ድልድይ አጠገብ ሰው ሁሉ የሚሻገርበት የድንጋይ መረማመጃ አለ። ጠበቃው ብስክሌቱን በትከሻው አድርጎ፣ ንግግሩን በቃሉ እየደገመ ሲሻገር ተንሸራተተ። እሱም፣ ብስክሌቱም፣ ከዘራውም ወንዙ ውስጥ ገቡ። ስናወጣው የግራ እጁ አንጓ እያየነው ያብጣል።

"እንመለስ፤ ሐኪም ይይህ" አልኩት።

"ቀጠሮ ነው" አለ። ይህን ሰው ፍርድ ቤት ለሁለት ደቂቃ መንገድ በመኪና ሲሄድ ሳየው የኖርኩ ጎረቤቱ ነኝ። ነጋዴው ነጠላውን ቀድዶ እጁን አሰረለት፤ ነጋዴ የራሱን ጨርቅ ሲቀድድም ያን ቀን አየሁ። የቀረውን መንገድ በእግራችን ብስክሌቶቹን እየገፋን፣ ላገኘነው ሰው ሁሉ እየቆምን፣ ምን እንደደረሰብን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያስረዳን ወጣን።

በዚህ ጊዜ ብስክሌቶቹን ከአጥር ውጪ አልተውናቸውም፤ እየገፋን ግቢ ገባን። በመንገድ ላይ የተስማማነው ያንን ነበር። በተንኮል የጀመረ ሽምግልና ነገ ለልጆቹ ስድብ ይሆናል ብለን። አባወራው በረንዳቸው ላይ አሉ። ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጠበቃ አዩ፣ የታሰረውን እጅ አዩ።

"ተቀመጡ" አሉ።

"አንቀመጥም" አልን፤ በዚህ ጊዜ ከልባችን።

የጠበቃው ንግግር ወንዙ ውስጥ ቀርቶ ነበርና የተናገርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው የመጣነው ልጅ ለመጠየቅ እንዳልነበረ፣ ሳፋ ፍለጋ እንደሆነ፣ ልጁን ያወቅነውም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዛሬ ግን የመጣነው ለሱ ነው፤ ካገኘነው ወዲህ አንድ ነገር ብቻ እናውቃለን፣ የሌለውን አለኝ አይልም አልኩ። በበሩ ክፍተት የልጅቱ ቀሚስ ጫፍ ይታያል።

"አውቃለሁ" አሉ አባወራው። "የሄዳችሁ ዕለት ሳይመሽ ነው የሰማሁት። በዚህ መንገድ ያስነጠሰ ሰው ወሬው ቀድሞት ይደርሳል።"

ተነሥተው ወደ ብስክሌቶቹ ሄዱ። የእኔን ኮርቻ በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ባለፈው በስህተት መጣችሁ" አሉ። "ዛሬ በስህተት አልመጣችሁም። ለባለ አይሱዙው የመጡት በአስፋልቱ በኩል ዞረው በር ድረስ በመኪና ነው። አንደኛው ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ነው ልጄን የጠየቀኝ። ቸኩሎ ነበር።"

"እንግዲያው—" አለ ጠበቃው።

"እንግዲያው ምንም። በሁለተኛ ቀን ልጅ አይሰጥም። ከጾሙ በፊት ባለው የመጨረሻው እሁድ ኑ። ሦስት ሆናችሁ። ያን ቀን መልሴን እነግራችኋለሁ።"

ጠበቃው የታመመውን እጁን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። "በዚህ እጅ ብስክሌት መንዳት አልችልም። በአስፋልቱ በኩል በመኪና ብንመጣስ?"

"በመኪና የሚመጣማ አለኝ" አሉ አባወራው። "እናንተ በመጣችሁበት መንገድ፣ በመጣችሁበት ነገር ኑ። እጁ የታመመ ቢቀር አልቀየምም። ግን ሦስት ሁኑ። ሁለት ሰው ልኮ ልጄን የሚወስድ የለም።"

ልጅቱ እንደ ባለፈው ሸኘችን። ዳገቱ አናት ላይ ቆማ "እሱ ጫፍ ላይ ደርሷል" አለች፣ ስለ አባቷ። "አውቀዋለሁ፤ እሺ ለማለት ምክንያት እየፈለገ ነው። ምክንያቱን እንዳትነሡት።" ከዚያ ቀጥላ፣ "ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ ግን ደስ ብሎት አይደለም፣ አፍሮ እንቢ ይላል" አለች። ወደ ጠበቃው ዞራ እጁን ጎንበስ ብላ ሳመችው። ጠበቃው እስከ ልደታ ድረስ ያቺን እጅ ደረቱ ላይ ይዞ መጣ።

እጁ ተሰብሯል፤ ጄሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ብስክሌት እንዳይነካ ከልክሎታል፤ ሚስቱም እያስፈጸመች ነው። እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ በሬን እያንኳኳ "ሦስተኛ ሰው ተገኘ?" ይለኛል።

አልተገኘም። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛ አምቡላንስ ከተከተለን እመጣለሁ አለ። መሬት ላይ ያለው ፋርማሲስት እሁድ የሚያርፍበት ብቸኛ ቀኑ ነው፤ ማረፍ እንደማይኖር አልደበቅኩትም። ወጣቶቹ ይነዳሉ፤ ጺም ግን የላቸውም። አንዱ "ጋሼ፣ ጀለሴ ፊልም ላይ ሜካፕ ይሠራል፤ ያሸብተኛል" አለኝ። የተፈጠረውን ጥሩ ነገር በተቀባ ሽበት አላበላሽም ብዬ አመሰግኜ መለስኩት። ጉዳዩ ከብሎኩ አልፎ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ተዳርሷል። ነጋዴው ለደንበኛ ሁሉ ጨርቅ እየለካ "ሳይክል ይነዳሉ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለት ደንበኛ ጥሎት ሄዷል።

ስለዚህ ከዚህ ቀደም አንባቢን ጠይቄ የማላውቀውን አሁን እጠይቅሃለሁ። አየሩ ንጹሕ ነው፣ መንፈስህ ይታደሳል እያልኩ አላባብልህም። ጠጠሩ ያምሃል፤ ስትወጣም ስትወርድም ሰው ሁሉ ይጠይቅሃል። ጠጉርህ ከሸበተ፣ ብስክሌት ካለህ፣ ከጾሙ በፊት ባለው የመጨረሻው እሁድ ሊነጋጋ ሲል ልደታ ኮንዶሚኒየም ዋናው በር ላይ ና። ብስክሌት ከሌለህ የጠበቃው አለ፤ ጎማውን ለጥፈነዋል። አስብበታለሁ አትበለኝ። ና።